አልበስል ያለው ሽምብራ፦ ሁሙስን በቤት ለመሥራት ማወቅ የሚያስፈልገው

በጾም ወራት የአዲስ አበባ ካፌዎችና ሆቴሎች ከሚያቀርቧቸው ምግቦች መካከል ሁሙስ ቦታ ካገኘ ቆይቷል። ከዳቦ ጋር በትንሽ ሳህን ይቀርባል። ለስላሳ ነው፤ ነጣ ያለ ነው፤ የሎሚው ጣዕም ምላስ ላይ ይቆያል። የቀመሰው ሰው «ይኸማ ሽምብራና ሰሊጥ አይደለም እንዴ?» ብሎ ቤቱ ሊሠራው ይነሣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሽምብራው ከከተማዋ ጫፍ፣ ከአቃቂ ወዲያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅል ነው፤ ሰሊጡም የሀገር ምርት ነው። ነገር ግን ከኢንተርኔት ባገኘው መመሪያ መሠረት «አንድ ሰዓት ቀቅለው ይፍጩ» የተባለውን የፈጸመ የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ፣ የለገጣፎ ወይም የሱሉልታ ነዋሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥርስ ሥር የሚንቀጫቀጭ፣ የጠቆረና መረር ያለ ነገር ነው። ጥፋቱንም በመፍጫው ወይም በራሱ እጅ ላይ ያደርጋል።

መፍጫውም እጁም ብዙ ጊዜ ጥፋት የለባቸውም። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ሀገር፣ ለሌላ ዓይነት ሽምብራና ለሌላ ውሃ ነው። እዚህ ከፍታችን ሌላ ነው፤ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃችን ሌላ ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሽምብራም ሌላ ነው። እነዚህን ሦስቱን የተረዳ ሰው ውድ መሣሪያ ሳይገዛ ጥሩ ሁሙስ መሥራት ይችላል።

ሁሙስ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

የተቀቀለ ሽምብራ፣ ጣሂኒ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው። ሌላ የለውም። ጣሂኒ የሚባለው ለስለስ ባለ እሳት የታመሰ ሰሊጥ ዘይቱን እስኪያወጣ ድረስ ተፈጭቶ የሚገኝ ወፍራም ፈሳሽ ነው። የወይራ ዘይት፣ ከሙን ወይም ቀይ በርበሬ ከላይ ይነሰነሳል፤ ዋናው ሁሙስ ግን ያለ እነርሱም ሁሙስ ነው።

ምግቡ የሊባኖስ፣ የሶርያ፣ የፍልስጤም፣ የዮርዳኖስ፣ የእስራኤልና የግብፅ ሰዎች የየዕለት ምግብ ነው። የማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሊባኖሳውያን 10,452 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሁሙስ ሠርተው የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዙ ቁጥሩን የመረጡት የሀገራቸው የቆዳ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው። እኛ ግን ክርክሩ ውስጥ ሳንገባ የቅርብ ዘመዱን እናውቀዋለን። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተገንፍቶ ሲቀዘቅዝ በሎሚ፣ በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በዘይት የሚለወሰው ቡጢቻ ከሁሙስ ጋር ግማሽ መንገድ አብሮ የሚሄድ የጾም ምግብ ነው። ልዩነቱ የት እንደሚጀምር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማንኛውም ሽምብራ ይሆናል?

ይሆናል፤ ድካሙ ግን እኩል አይደለም። በዓለም ላይ የሚመረተው ሽምብራ በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው ዴሲ ይባላል፦ ፍሬው ትንሽ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ቀለሙ ከቡናማ እስከ ቀይ የሚደርስ፣ ገለፈቱም ወፍራም ነው። ከጥንት ጀምሮ ሽሮአችንን፣ ቆሏችንንና ንፍሯችንን የሠራው ይህ ነው። ሁለተኛው ካቡሊ ይባላል፦ ትልቅ፣ ክብነት ያለው፣ ነጣ ያለ፣ ገለፈቱ ስስ ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ ሁሙስ የሚሠራው በዚህኛው ነው።

ካቡሊው ወደ ኢትዮጵያ ማሳ በስፋት የገባው በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከውጭ በመጡ ዘሮች ላይ ሠርቶ ለገበሬው ያወጣቸው ዝርያዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተለቀቀው አረርቲ ከእነርሱ አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ከምንጃር ሸንኮራዋ ከተማ ሲሆን የመነሻ ዘሩ የመጣው በዚያን ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሶርያዋ ሐለብ ከነበረው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከኢካርዳ ነው። የሁሙስ ሀገር ዘር ምንጃርና አድአ መሬት ላይ በቅሎ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ገበያ ሲሄዱ ትልቁንና ነጩን ሽምብራ ብለው ይጠይቁ። ቀዩ ሽምብራ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ያልታመሰ የሽምብራ ክክ ይግዙ። ክክ ገለፈቱ ስለተነሣለት ትልቁ እንቅፋት ተወግዷል፤ የሚበስለውም በአጭር ጊዜ ነው። ለሽሮ ተብሎ የታመሰው ክክ ግን ሁሙሱን የቆሎ ጣዕም ይሰጠዋልና አይሆንም።

ዕድሜውን ማጣራትም ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ሳይጠብቅ ጥቁሩ አፈር አምቆ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት በዱከምና በቢሾፍቱ መንገድ እሸቱ ከነግንዱ ታስሮ ይሸጣል፤ ደርቆ የሚወቃው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከየካቲት በኋላ ባሉት ወራት የሚገዛው ሽምብራ አዲስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን አንድ ዓመት የከረመ ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም እንደ ጠጠረ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው በክምችቱ ዘመን በፍሬው ውስጥ የነበሩ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከተያዙበት ተፈትተው የፍሬውን ሕዋሶች ግድግዳ ስለሚያጠናክሩት ነው። የተጨማደደ፣ ቀለሙ የጠቆረና አቧራ የበዛበትን ይለፉት።

እዚህ ሽምብራ ለመብሰል ለምን ይለግማል?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

አንድ የሽምብራ ፍሬ በግንብ ሊመሰል ይችላል። ጡቦቹ ስታርችና ፕሮቲን የያዙ ጥቃቅን ሕዋሶች ናቸው። ጡብን ከጡብ የሚያያይዘው ሲሚንቶ ደግሞ ፔክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። መብሰል ማለት በዋናነት ይህ ሲሚንቶ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ሕዋሶቹ እርስ በርሳቸው መለቃቀቃቸው ነው። ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ጡቦቹ ሳይሰበሩ አንድ በአንድ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ምላስ ሊለየው የማይችል ደቂቅ ስለሆነ ሁሙሱ ልስልስ ይላል። ሲሚንቶው ሳይላላ በመፍጫ ከተመታ ግን ግንቡ በጉማጅ በጉማጁ ይፈርሳል፤ ጥርስ ሥር የሚንቀጫቀጨው ያ ጉማጅ ነው። ያልበሰለ ሽምብራን የትኛውም መፍጫ አያለሰልሰውም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ከፍታውን እናምጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ከዚያ በላይ ነው፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 1,900 ይወርዳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ውሃው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ በቤይሩት ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ፣ ሱሉልታ ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን መጨመር ለውጥ አያመጣም፤ ውሃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስምንት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ፔክቲኑ የሚሟሟበት ፍጥነት ሙቀትን በጣም ስለሚከተል የማብሰያውን ጊዜ ወደ እጥፍ ልታስጠጋው ትችላለች። መመሪያው አንድ ሰዓት ሲል እዚህ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢፈጅ አይግረምዎ።

መፍትሔው ክዳኑ የሚቆለፈውና በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ነው፤ ፕሬሸር ኩከር የሚባለው። ታፍኖ የተያዘው እንፋሎት ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው በእኛ ከፍታም ቢሆን ውስጡ ያለው ውሃ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። የተዘፈዘፈ ካቡሊ ሽምብራ ፉጨቱ ከጀመረ በኋላ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት መቼ እንደሚጠፋ በማይታወቅበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ድስት ሁለት ሰዓት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከማቃጠል ያድናል። ድስቱን ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ ሽምብራ ሲፈላ ብዙ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም የእንፋሎቱን ቀዳዳ ሊደፍነው ይችላል።

ውሃውስ ምን አደረገ?

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ ግድቦችና በተለይ በአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በከተማዋ ዙሪያ የሚገኙ ብዙ ሰፈሮችም የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው። ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲሄድ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ለጤና ክፉ አይደለም፤ ለሽምብራ ግን ክፉ ነው። እነዚህ ማዕድናት ከፔክቲኑ ጋር ተቆራኝተው እንዳይሟሟ ያደርጉታል። የእርስዎ ውሃ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ሻይ የሚያፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ገልብጠው ይዩ። ታችኛው ላይ ነጭ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚፈረፈር ቅርፊት ከያዘ ውሃዎ ማዕድን የበዛበት ነው።

እንዲህ ባለው ውሃ የሚቀቅል ሰው ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ትቶ ከላይ ያለውን ቢጠቀም ከካልሲየሙ የተወሰነው ይወገድለታል። ከዚያ የሚበልጥ ቀላል መፍትሔ ግን ከሱቅ በጥቂት ብር የሚገዛው ቤኪንግ ሶዳ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ ጉዳት የለውም?

በልኩ ከሆነ የለውም። ቤኪንግ ሶዳ ውሃውን ከአሲድ ጠባይ ያርቀዋል፤ እንዲህ ባለው ውሃ ውስጥ ፔክቲን በፍጥነት ይሰባበራል። ለ250 ግራም ደረቅ ሽምብራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሲበዛ ምግቡን የሳሙና ጣዕም ይሰጠዋል፤ በሽምብራው ውስጥ ካለው ቫይታሚን ቢ1ም ብዙውን ያጠፋል። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው። በውስጡ አሲድ ስለተቀላቀለበት ለኬክ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ።

ጨው ሽምብራን ያደነድናል የሚባለው እውነት ነው?

በብዙ ቤት የሚታመን ነገር ነው፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ጨው ሲጨመር ከጨው የሚገኘው ሶዲየም በገለፈቱ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እያስለቀቀ ቦታውን ይይዛል፤ ገለፈቱም ይለሰልሳል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ይድፉትና በንጹሕ ውሃ ይለቅልቁት። ከተደፋው ውሃ ጋር ሆድ የሚነፋው የስኳር ዓይነትም በከፊል አብሮ ይሄዳል።

ማብሰሉን የሚያቆመው አሲድ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ኮምጣጤ ሽምብራው ሳይበስል ከገባ ፔክቲኑ እንደ ጠነከረ ይቀራል። ሎሚው የሚገባው ሽምብራው ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው።

መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

ሰዓት አይዩ፤ ፍሬውን ይዩ። አንዱን በማንኪያ አውጥተው በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ይጫኑት። ለንፍሮ የሚሆን ሽምብራ ሲጫን ለሁለት ይከፈላል፣ መካከሉ ላይም ትንሽ ጥንካሬ ይቀረዋል። ለሁሙስ የሚሆነው ግን ያለ ምንም ትግል ይልማል፤ ጣቶችዎን ሲያሻሹም አንዲት ቅንጣት አይሰማዎትም። ገለፈቱ ከፍሬው ተለይቶ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ያዩታል፤ ጥቂቶቹ ፍሬዎችም ራሳቸው ፈርሰው ውሃውን ያደፈርሱታል። ለንፍሮ ቢሆን ተበላሸ የሚባልበት ደረጃ ለሁሙስ ትክክለኛው ደረጃ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያስቀረዋል።

የተንሳፈፈውን ገለፈት በጭልፋ ጠልፈው ይጣሉት። በካቡሊ ሽምብራ ሁሉንም ካላወጣሁ ብሎ ፍሬ በፍሬ መላጥ አያስፈልግም፤ በቀዩ ሽምብራ ግን ገለፈቱን ያላወጣ ሰው ለስላሳ ሁሙስ አያገኝም።

ጣሂኒ ቤት ውስጥ ይሠራል?

አዎን፣ እና እንዲሠራ ከልቤ እመኛለሁ። ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ ከታወቁ ሰሊጥ ላኪዎች አንዷ ናት። ነጣ ያለው የሁመራ ሰሊጥ በእስራኤልና በፍልስጤም ጣሂኒ ሠሪዎች ዘንድ በስሙ ተፈላጊ ነው፤ ጥሬው ከዚህ ሄዶ እዚያ ተፈጭቶ በማሰሮ ታሽጎ ይሸጣል። በከተማችን ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ የውጭ ጣሂኒ በውድ ዋጋ ሲሸጥ የሚያይ ሰው ከሚቀጥለው ሱቅ ሰሊጥ ገዝቶ ቤቱ መፍጨት እንደሚችል ሊያውቅ ይገባል።

ሰሊጥ ግማሹ ያህል ዘይት ነው። ስለዚህ በደንብ ከተፈጨ ያለ ውሃ ራሱን በራሱ ያቀልጣል። የሚያስቸግረው ገለፈቱ ነው፤ ምሬቱም ጥቁረቱም ያለው እዚያ ነው። የተፈተገ ሰሊጥ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ ሰሊጡን ጥቂት ሰዓት በውሃ ዘፍዝፎ፣ በእጅ አሽቶ፣ ጨው በደንብ በበዛበት ውሃ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ፍሬው ይንሳፈፋል፣ ገለፈቱ ይሰጥማል። ከላይ የተንሳፈፈውን ሰብስቦ ጨው እስኪለቀው ማጠብና ማድረቅ ነው። አድካሚ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከነገለፈቱ ቢፈጨው ጠቆር፣ መረር ያለ ጣሂኒ ያገኛል፤ ይበላል፣ ግን መጠኑን መቀነስ አለበት።

ሲያምሱት እሳቱ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ያለማቋረጥም ያማስሉት። ለቆሎ ወይም ለጾም ፍትፍት እንደምናምሰው እስኪቀላ መጠበቅ አይገባም። ሽታው ሲወጣና ጥቂት ፍሬዎች መንጣጣት ሲጀምሩ፣ ቀለሙ ገና ነጣ እንዳለ ያውጡት። ሳይቀዘቅዝ በብሌንደር ይፍጩት። በመጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ከዚያ ይጓጉላል፤ ዳርና ዳሩን እየጠረጉ ከቀጠሉ ይቀልጣል። ብሌንደሩ ደካማ ከሆነ ሁለት ሦስት ማንኪያ የሱፍ ዘይት ይርዳው። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ገናና ስለሆነ ሰሊጡን ይውጠዋል።

ጣሂኒው ሲጠጥር ተበላሸ ማለት ነው?

አልተበላሸም። ጣሂኒውን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው የሎሚ ጭማቂውን ጠብ ሲያደርጉበት ፈሳሽ የነበረው ነገር በድንገት ይጠጥራል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ዘይት ይጨምርበታል። ጣሂኒው የጠማው ግን ውሃ ነው። በሰሊጡ ውስጥ ያሉት ደረቅ ቅንጣቶች መጀመሪያ የመጣችውን ጥቂት ውሃ መጥጠው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ሲመቱት ውሃው ይበቃቸዋል፤ ዘይቱም በደቃቅ ጠብታዎች ተበትኖ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። በዓይንዎ ፊት ነጭ ይሆናል፣ ይላላል፣ ክሬም ይመስላል። ሁሙስን ነጭና ቀላል የሚያደርገው ይህ ቅጽበት ነው። ዘይት በመጨመር ሁሙስ አይለሰልስም፤ ይከብዳል እንጂ።

ነጭ ሽንኩርቱ ለምን ያቃጥላል?

የእኛ ነጭ ሽንኩርት ጥርሱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ትልቅ ነው። የሚያቃጥለው ነገር በሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ሲደቆስ ለየብቻ የነበሩ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። አሲድ ይህን ግንኙነት ያስቆማል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ደቁሰው ከማቆየት ይልቅ ከሎሚ ጭማቂና ከጨው ጋር አብረው ይደቁሱትና አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ በወንፊት አጥልለው ጭማቂውን ብቻ ይጠቀሙ። ሽታው ይኖራል፣ ማቃጠሉ ይቀንሳል።

ሁሉም በአንድ ላይ እንዴት ይገናኛል?

ለአራት ለአምስት ሰው 250 ግራም ደረቅ ሽምብራ፣ ከ150 እስከ 180 ግራም ጣሂኒ፣ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ጥርስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያስፈልጋል። የሀገራችን ትንሹ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ስለሚበረታ በአንድ ጊዜ አይጨምሩት፤ እየቀመሱ ይሂዱ።

ሽምብራውን ሌሊት በጨው ውሃ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ለቅልቀው፣ በአዲስ ውሃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እስኪልም ይቀቅሉት። ውሃውን አጥልለው ይድፉት፤ ሶዳ ስላለበት ሁሙሱ ውስጥ ቢገባ ጣዕሙን ያበላሻል። ሽምብራው ትኩስ እንዳለ ለብቻው ይፍጩት፤ ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ስለሚጠነክር እንደ መጀመሪያው አይልምም። ከዚያ ጣሂኒውን፣ የሎሚውንና የነጭ ሽንኩርቱን ጭማቂ፣ ጨውንም ይጨምሩ። መፍጫው እየሠራ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉ፤ ከአምስት እስከ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ሊወስድ ይችላል። ሲጨርሱ ቀጠነ ብለው እንዳይሰጉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ይረጋል።

መብራት ከሌለ ሙቀጫና ወንፊት ይበቃሉ። ትኩሱን ሽምብራ በዘነዘና ይውቀጡት፤ ከዚያ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ያሳልፉት። ገለፈቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በእውነቱ በዚህ መንገድ የሚገኘው ሁሙስ በደካማ ብሌንደር ከሚሠራው ይበልጣል።

የወይራ ዘይት ካለ ከላይ ያፍስሱት፣ አብረው ግን አይፍጩት፤ በፍጥነት ሲመታ መራራ ይሆናል። ከሙን፣ በርበሬ ወይም ትንሽ ሚጥሚጣ ይነስንሱበት። ከአምባሻ፣ ከድፎ ዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር ይሄዳል።

የሽምብራ ዱቄት ካለኝ ይህ ሁሉ ለምን?

ብዙዎች የሚጠይቁት ነው፤ መልሱም ወደ ቡጢቻ ይመልሰናል። ሙሉ ሽምብራ ሲቀቀል ስታርቹ በየሕዋሱ ውስጥ እንደ ተዘጋበት ያብጣል። ሕዋሶቹ ሲለያዩም ስታርቹ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁሙሱ አይጣበቅም። ወፍጮ ቤት ግን ጥሬውን ሲፈጭ ሕዋሶቹን ይሰባብራቸዋል፣ ስታርቹም ይለቀቃል። ያ ዱቄት በውሃ ሲበስል ስታርቹ ውሃውን ይዞ ገንፎ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝም በቢላዋ እስኪቆረጥ ይረጋል። ለቡጢቻ የሚፈለገው ይኸው መርጋት ነው፤ ተፈርፍሮ ሎሚና ቃሪያ ይቀበላል። ሁለቱም መልካም ምግቦች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይተካም።

ለጿሚ ሰው ምን ይጠቅማል?

ደረቅ ሽምብራ ከመቶው 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ላይሲን የሚባለው አስፈላጊ ክፍል ሲኖረው ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። ሰሊጥ ደግሞ ሜቲዮኒን አለው፣ ላይሲን ያንሰዋል። በአንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲም ሰውነት በሽምብራው ውስጥ ያለውን ብረት እንዲቀበል ያግዘዋል። ሁለት ወር ገደማ ከሥጋና ከወተት ርቆ ለሚጾም ሰው፣ በተለይም ላደጉ ልጆችና ለወጣት ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስንት ቀን ይቆያል?

በማቀዝቀዣ ተከድኖ ከሦስት እስከ አራት ቀን። ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ ውሃና ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ስለሆነ ተሕዋስያን ቶሎ ይራቡበታል። የተቀቀለውን ሽምብራም ማታ ምድጃ ላይ ትቶ ማደር አደገኛ ነው፤ መፍላትን የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ዘሮች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነፍስ ይዘራሉ፣ የሚያመነጩት መርዝም ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ሁሙሱ ሽታው ባይለወጥም ይጣል።

በየሳምንቱ መቀቀል ለሚከብደው ሰው የሚሻለው ሽምብራውን በብዛት አብስሎ፣ አጥልሎ፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በላስቲክ ከፋፍሎ በፍሪዘር ማስቀመጥ ነው። ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። በሚሠራበት ቀን በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ አሙቆ ትኩሱን መፍጨት ነው፤ ጣሂኒው፣ ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ ግን በዕለቱ ይጨመራሉ።